ከሰርቨር የሚወርድ ሰነድ፦ እንዴት ይዘጋጃል? እንዴትስ ይረጋገጣል?

ዲቾቶ ከሰመራ ወደ ጋላፊ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኝ፣ ወደ ጅቡቲ የሚመላለሱ የጭነት ተሽከርካሪዎች የሚያርፉባት ከተማ ናት። በዚህች ከተማም ሆነ በአዋሽ ሰባት ኪሎ፣ በገዋኔ፣ በሚሌ፣ በሎግያና በሰመራ ክፍያ ከጥሬ ገንዘብ ወደ ስልክ እየተሻገረ ነው። ፍየል የሸጠ አርብቶ አደር፣ ምግብ ቤት የከፈተች ነጋዴ፣ ነዳጅ የቀዳ አሽከርካሪ ገንዘቡን በስልክ ይቀበላሉ ወይም ይልካሉ። የነዳጅ ግብይት ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ በዲጂታል ክፍያ እንዲፈጸም መደረጉ ደግሞ ይህን አሠራር በየመንገዱ ዳር ይበልጥ አስፋፍቶታል።

ክፍያው ሲፈጸም የሚገኘው ደረሰኝ፣ የፋይዳ መታወቂያ ቅጂ፣ የንግድ ፈቃድ፣ የተማሪ የፈተና ውጤት፣ ሁሉም አንድ የጋራ ባሕርይ አላቸው። ተገልጋዩ በስልኩ ወይም በኮምፒውተር አንድ ቁልፍ ሲጫን ርቆ የሚገኝ ኮምፒውተር ሰነዱን አዘጋጅቶ ይልክለታል። ተገልጋዩም አውርዶ ያስቀምጠዋል፤ ካስፈለገም ያሳትመዋል።

ይህ ጽሑፍ እነዚህ ሰነዶች እንዴት እንደሚዘጋጁ፣ ሐሰተኛው ከእውነተኛው በምን እንደሚለይና የግል መረጃ ለሌላ ሰው እንዳይደርስ ምን መደረግ እንዳለበት ያብራራል። በቅድሚያ ሊታወቅ የሚገባው ዋና ነገር፣ የሰነዱ እውነተኛነት የሚገኘው በተቋሙ መዝገብ ውስጥ መሆኑ ነው። በእጅ ያለው ወረቀት ወይም በስልክ የሚታየው ምስል የዚያ መዝገብ ቅጂ ብቻ ነው።

የሚወርድ ሰነድ ምንድን ነው?

ሰርቨር የአንድን ተቋም መዝገብ የያዘና ከብዙ ስልኮችና ኮምፒውተሮች ለሚመጣ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ኮምፒውተር ነው። ከሰርቨር የሚወርዱ ሰነዶች በሁለት ይከፈላሉ።

የመጀመሪያው አስቀድሞ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ሰነድ ነው። የዐዋጅ ቅጂ፣ የማመልከቻ ቅጽ ወይም የሰብል አመራረት መመሪያ ከዚህ ይመደባል። ለጠየቀ ሁሉ የሚሰጠው አንድ ዓይነት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄው በቀረበበት ቅጽበት የሚዘጋጅ ነው። የክፍያ ደረሰኝ፣ የባንክ ሒሳብ መግለጫ፣ የመታወቂያ ቅጂና የንግድ ፈቃድ ከዚህ ይመደባሉ። ሰርቨሩ የጠያቂውን ስም፣ ቁጥር፣ ቀንና የገንዘብ መጠን ከመዝገብ አውጥቶ በተዘጋጀ ቅጽ ላይ ያሰፍራል። የመጀመሪያው ሰነድ ታልቦ በዕቃ የተቀመጠ ወተት ነው ቢባል፣ ሁለተኛው እንግዳው ሲደርስ የሚታለብ ነው።

ልዩነቱ በተግባር ሁለት ውጤቶች አሉት። አንደኛ፣ ወረቀቱ ቢጠፋ ወይም ስልኩ ቢሰበር መዝገቡ እስካለ ድረስ ሰነዱን እንደገና ማውጣት ይቻላል። ሁለተኛ፣ በመዝገቡ ላይ ያለ ስህተት ሲታረም ቀደም ሲል የታተመው ወረቀት አብሮ አይታረምም። ስለዚህ ስም ወይም አድራሻ ያሳረመ ሰው ሰነዱን በአዲስ መልክ ማውረድ ይኖርበታል።

ቁልፉ ሲጫን የሚከናወነው

«አውርድ» የሚለው ቁልፍ ሲጫን ቀጥሎ የተዘረዘሩት ተግባራት ብዙውን ጊዜ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ይከናወናሉ።

1. ስልኩ ወይም ኮምፒውተሩ ለሰርቨሩ ጥያቄ ያቀርባል። ጥያቄው የትኛው ሰነድ እንደተፈለገ የሚገልጽ ቁጥር ይይዛል።

2. ሰርቨሩ የጠያቂውን ማንነት ያረጋግጣል። ለዚህም የይለፍ ቃል ወይም በአጭር የጽሑፍ መልእክት የሚደርስ የአንድ ጊዜ ማረጋገጫ ኮድ ይጠይቃል።

3. ጠያቂው ያንን ሰነድ የማየት መብት እንዳለው ያጣራል። ይህ ማንነትን ከማረጋገጥ የተለየ ተግባር ነው። ሰውየው ማን እንደሆነ መታወቁ የሌላውን ሰው ሰነድ እንዲያይ አይፈቅድለትም።

4. መረጃውን ከመዝገብ አውጥቶ በቅጹ ላይ ያሰፍራል፤ ፋይሉንም ያዘጋጃል። ለማተም የታሰበ ሰነድ በአብዛኛው በፒዲኤፍ መልክ ይዘጋጃል። ምክንያቱም ፒዲኤፍ በየትኛውም ስልክ ወይም ኮምፒውተር ሲከፈት የገጹ አቀማመጥ እንዳለ ይቆያል።

5. ፋይሉን ሲልክ አጭር መግለጫ አብሮ ይልካል። መግለጫው የፋይሉን ዓይነት፣ መጠኑንና ስሙን ይይዛል፤ በማያ ገጹ ላይ ይከፈት ወይስ በቀጥታ ይቀመጥ የሚለውንም ይናገራል። አንዳንድ ሰነድ ወዲያው የሚከፈተው፣ ሌላው ግን ሳይታይ የወረዱ ፋይሎች ወደሚቀመጡበት ማኅደር የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው።

«ተጫንኩት፣ ነገር ግን ምንም አልመጣም» የሚሉ ብዙ ተገልጋዮች ሰነዱን አግኝተውታል። ፋይሉ ያለው የስልኩ የፋይሎች ዝርዝር ውስጥ፣ «ዳውንሎድስ» በሚባለው ማኅደር ነው።

በየዕለቱ የሚያገለግሉ ሰነዶች

የክፍያ ደረሰኝ፦ ኢትዮ ቴሌኮም የቴሌብር አገልግሎትን የጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም ነው። ገንዘብ ሲተላለፍ ከ127 የሚላከው የጽሑፍ መልእክት የግብይት ቁጥር ይይዛል፤ ደረሰኙን የሚያሳይ ሊንክም አብሮ ይላካል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክም የሒሳብ እንቅስቃሴን በሚገልጽ መልእክቱ ላይ ተመሳሳይ ሊንክ ያያይዛል። ሊንኩ ሲነካ ሰርቨሩ ከመዝገቡ ደረሰኝ አውጥቶ ያሳያል።

ፋይዳ መታወቂያ፦ የኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ ዐዋጅ ቁጥር 1284 በ2015 ዓ.ም ወጥቷል። የተመዘገበ ነዋሪ 12 አኃዝ ያለው ልዩ ቁጥር ይሰጠዋል። በስልክ የሚያዘውን ዲጂታል ቅጂ ለማውጣት ለምዝገባ በተሰጠው ስልክ ላይ የሚላክ የማረጋገጫ ኮድ ያስፈልጋል። ለምዝገባ የዘመድ ወይም የጎረቤት ስልክ ያስመዘገበ ሰው በዚህ ደረጃ ላይ ይቸገራል። ኮዱ የሚደርሰው ወደ ተመዘገበው ስልክ ስለሆነ፣ በምዝገባ ወቅት የራስን ቁጥር መስጠት ይመረጣል።

የንግድ ፈቃድ፦ የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አገልግሎት በኢንተርኔት መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ነጋዴው ፈቃዱን አውርዶ ማሳተም ይችላል። በሰነዱ ላይ ኪው አር ኮድ የሚባለው ባለ ነጠብጣብ ካሬ ምልክት ይታተማል። ምልክቱ በስልክ ካሜራ ሲነበብ ፈቃዱ በመዝገብ መኖሩንና አለመኖሩን ማጣራት ያስችላል።

የፈተና ውጤት፦ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ውጤታቸውን የሚያዩት በምዝገባ ቁጥራቸው አማካይነት ነው። ውጤት በሚለቀቅበት ቀን ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ስለሚጠይቅ ሰርቨሩ ይጨናነቃል። ገጹ አልከፈት ሲል ደጋግሞ መጫን መጨናነቁን ከማባባስ በቀር ጥቅም የለውም። ጥቂት ሰዓታት መታገሥ ወይም ሌሊት መሞከር ይሻላል።

የጉዞ ሰነዶች፦ በጋላፊ በኩል የሚያልፉ የጭነት አሽከርካሪዎች የሚይዟቸው የጉምሩክ ሰነዶችም ከኤሌክትሮኒክ ሥርዓት የሚወጡ ናቸው። ወረቀቱ በሙቀትና በላብ ቢበላሽም፣ ሰነዱን ያወጣው አስተላላፊ ቅጂውን ከሥርዓቱ እንደገና ማውጣት ይችላል።

ሐሰተኛ ደረሰኝ እንዴት ይለያል?

በገበያ ላይ ትልቁ ኪሳራ የሚደርሰው በዚህ በኩል ነው። ገዥ ነኝ ባይ ፍየሎቹን ተስማምቶ ከገዛ በኋላ «ልኬልሃለሁ» ብሎ በስልኩ የደረሰኝ ምስል ያሳያል። ሻጩ ምስሉን አይቶ ከብቱን ያስረክባል። ማታ ሒሳቡን ሲያይ ግን የገባ ገንዘብ የለም። ከብቱ በተሽከርካሪ ተጭኖ ከሄደ በኋላ ገዥውን ማግኘት አዳጋች ነው።

በተለምዶ ስክሪንሾት የሚባለው የማያ ገጽ ምስል በቀላሉ ይለወጣል። ስም፣ ቀንና የገንዘብ መጠን በስልክ ላይ በሚገኝ የፎቶ ማስተካከያ ሊቀየሩ ይችላሉ። ፒዲኤፍ ፋይልም ቢሆን ሊቀየር ይችላል። ከዚህ ቀደም የተፈጸመ እውነተኛ ክፍያን ደረሰኝ ለሁለተኛ ጊዜ የሚያሳይም አለ። የጽሑፍ መልእክትም ቢሆን ከተራ ስልክ ቁጥር ተጽፎ የባንክ መልእክት ሊመስል ይችላል።

ስለዚህ የደረሰኝ መልክ ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ማስረጃው የሚገኘው በሻጩ በራሱ ሒሳብ ላይ ነው። ይህን ለማጣራት የሚከተሉት መንገዶች ያገለግላሉ።

• ሻጩ የራሱን ቀሪ ሒሳብ ያያል። የቴሌብር ተጠቃሚ *127# በመደወል፣ በሞባይል ባንኪንግ የተመዘገበ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኛ *889# በመደወል ማየት ይችላል። ሁለቱም ያለ ኢንተርኔት፣ በተራ ስልክ ጭምር ይሠራሉ።

• የገዥው ስልክ ከሚያሳየው ይልቅ በሻጩ ስልክ የደረሰው መልእክት ይታያል። መልእክቱ ከተለመደው የአገልግሎቱ መለያ መምጣቱም ይጣራል።

• የደረሰኙ ሊንክ ካለ በሻጩ ስልክ ይከፈታል። በሚከፈተው ገጽ ላይ የተቀባዩ ስም፣ የገንዘቡ መጠን፣ ቀኑና ሰዓቱ አንድ በአንድ ይነበባል።

• የሊንኩ አድራሻ ይመረመራል። ከመጀመሪያው «ሠላሳ ሁለት ፊደል ይሁን ሦስት» ርዝመቱ አይደለም የሚታየው፤ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት አዘንባይ መስመሮች በኋላ እስከ ሚቀጥለው አዘንባይ መስመር ድረስ ያለው ክፍል የድርጅቱ የራሱ ትክክለኛ አድራሻ መሆን አለበት። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አድራሻ አብዛኛውን ጊዜ «ጎቭ ዶት ኢቲ» ብሎ ያልቃል።

• ኔትወርክ በመጥፋቱ ማጣራት ካልተቻለ ርክክቡ ይቆያል። «ኔትወርክ ሲመጣ ይገባልሃል» የሚለውን ቃል ተቀብሎ ከብትን መስጠት በዱቤ እንደ መሸጥ ይቆጠራል።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ደረሰኝ፣ ውጤት ወይም መታወቂያ ለማየት አዲስ መተግበሪያ መጫን አያስፈልግም። በቴሌግራም ወይም በሌላ መንገድ «ደረሰኙ ይኸው» ተብሎ የተላከ ፋይል ስሙ በ«ኤፒኬ» የሚያልቅ ከሆነ ሰነድ ሳይሆን በስልክ ላይ የሚጫን ፕሮግራም ነው። እንዲህ ያለው ፕሮግራም የማረጋገጫ ኮዶችን ሊያነብና ገንዘብ ሊያሸሽ ስለሚችል መከፈት የለበትም።

የወረደው ሰነድ ለማን ይታያል?

የደረሰኝ ሊንክ እንደ በር ቁልፍ ነው፤ የያዘው ሰው ሁሉ ሊከፍትበት ይችላል። ደረሰኝን ለሚመለከተው ሰው መላክ ተገቢ ሲሆን፣ ብዙ ሰው በሚገኝበት የቴሌግራም ቡድን ላይ መለጠፍ ግን ስምን፣ የሒሳብ መረጃንና የገንዘብ መጠንን ለማያውቁት ሰው ማሳየት ነው።

የፋይዳ ተጠቃሚም 12 አኃዝ ያለውን ልዩ ቁጥሩን በምስጢር መያዝ ይኖርበታል። ለአገልግሎት ሲጠየቅ የሚሰጠው በመታወቂያው ላይ የሚታተመው 16 አኃዝ ያለው ተለዋጭ ቁጥር ነው።

ኮምፒውተር ወይም ማተሚያ የሌለው ነዋሪ ሰነዱን የሚያወጣው በከተማው ባሉ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የኅትመት ቤቶች ነው። አገልግሎቱ ጠቃሚ ቢሆንም፣ ሰነዱ ከታተመ በኋላ ፋይሉ በዚያ ኮምፒውተር ላይ ይቀራል። ተገልጋዩ ከመውጣቱ በፊት ፋይሉ ከማኅደሩም ከቆሻሻ ማጠራቀሚያውም እንዲጠፋ መጠየቅ መብቱ ነው። በዚያ ኮምፒውተር ላይ ቴሌግራም ወይም ኢሜይል ከፍቶ ከሆነ መዝጋት አለበት። የአንድ ጊዜ ማረጋገጫ ኮዱንም ከቻለ ራሱ ይጻፈው እንጂ ስልኩን አሳልፎ አይስጥ። ማንበብ የማይችል ሰው የሚያምነውን የቤተሰብ አባል ይዞ መሄድ ይገባዋል።

የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግለሰቦችን መረጃ የሚሰበስቡና የሚያከማቹ አካላት መረጃውን የመጠበቅ ግዴታ እንዳለባቸው ይደነግጋል።

ሰነዱ ሳይከፈት ሲቀር

ፋይሉ በከፊል ወርዶ ከሆነ፦ ኔትወርክ በመሀል ሲቋረጥ ያልተሟላ ፋይል ይቀራል፤ ሲነካም «ተበላሽቷል» የሚል መልእክት ይመጣል። ጎዶሎውን ፋይል አጥፍቶ እንደገና ማውረድ መፍትሔ ነው። ሰነዱ ከመዝገብ የሚወጣ በመሆኑ ደጋግሞ ማውረድ በመዝገቡ ላይ ለውጥ አያመጣም። ክፍያ ግን የተለየ ነው። «ክፈል» የሚለውን ቁልፍ ደግሞ ከመጫን በፊት ቀሪ ሒሳብን ማየት ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያው ክፍያ ተፈጽሞ ደረሰኙ ብቻ ሳይደርስ ቀርቶ ሊሆን ይችላልና።

«ጊዜው አልፏል» የሚል መልእክት ከመጣ፦ አንዳንድ ተቋማት የማውረጃ ሊንኩ ለጥቂት ደቂቃዎች ወይም ሰዓታት ብቻ እንዲሠራ ያደርጋሉ። ይህ የሚደረገው ሊንኩ በሌላ ሰው እጅ ቢገባ እንዳያገለግል ነው። ወደ አገልግሎቱ ተመልሶ በመግባት አዲስ ሊንክ ማግኘት ይቻላል።

በፊደል ፈንታ ባዶ ሳጥኖች ከታዩ፦ ሰነዱ በትክክል ወርዷል፤ የጎደለው የግዕዝ ፊደል ቅርጽ ነው። የኢትዮጵያ ፊደላት በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት የተካተቱት በ1999 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። የዛሬ ስልኮችም በአብዛኛው ያነቧቸዋል። ይሁን እንጂ ሰነዱን ያዘጋጀው ሰርቨር የፊደሉን ቅርጽ በፒዲኤፉ ውስጥ አብሮ ካላስገባ፣ ፊደሉ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ሳጥን ብቻ ይታያል። ሰነዱን በሌላ ስልክ መክፈት አንዳንድ ጊዜ ያግዛል፤ ዘላቂው መፍትሔ ግን በተቋሙ እጅ ነው።

ተቋማት ምን ማድረግ ይገባቸዋል?

የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራትና ዩኒየኖች የአባላት መዝገብን፣ የግብዓት ሥርጭትንና የክፍያ ደረሰኝን በኮምፒውተር ማስተዳደር ሲጀምሩ ሰነድ የማውረድ አገልግሎትም አብሮ ይመጣል። ሥርዓቱን የሚያሠራ ተቋም ባለሙያውን ሊጠይቃቸው የሚገቡ ነጥቦች አሉ።

የመጀመሪያው የመብት ማጣራት ነው። በሰነዱ አድራሻ ላይ ያለው ቁጥር 1024 ሲሆን አንድ ሰው ወደ 1025 ቀይሮ የሌላውን አባል ሰነድ ማየት ከቻለ ሥርዓቱ ክፍተት አለበት። ስህተቱ በዓለም ዙሪያ በተደጋጋሚ የሚታይ ሲሆን፣ መድኃኒቱም ሰርቨሩ በእያንዳንዱ ጥያቄ «ይህ ሰነድ የዚህ ሰው ነውን?» ብሎ እንዲያጣራ ማድረግ ነው። ቁጥሩን ለመገመት በሚያስቸግር ረጅም መለያ መተካት ተጨማሪ መከላከያ ቢሆንም ማጣራቱን አይተካም።

ሁለተኛው የፋይሉ ክብደት ነው። ለአንድ ደረሰኝ ትልልቅ ምስሎችን መጨመር በደካማ ኔትወርክ የሚጠቀመውን ገበሬ ገንዘብና ጊዜ ያባክናል። ጽሑፍና ትንሽ ዓርማ ያለበት ሰነድ ቀላል ሆኖ ሊዘጋጅ ይችላል።

ሦስተኛው ረጅም ጊዜ የሚወስድ ሥራ ነው። የሺዎች አባላትን የዓመት ዝርዝር ማዘጋጀት ደቂቃዎችን ሊወስድ ይችላል። ተገልጋዩ ገጹን ከፍቶ እንዲጠብቅ ከማድረግ ይልቅ ሰርቨሩ ሥራውን ተቀብሎ ሲጨርስ በጽሑፍ መልእክት ቢያሳውቅ ይሻላል።

አራተኛው ቋንቋ ነው። ዝርዝሩ በሠንጠረዥ መልክ ወርዶ በኤክሴል ሲከፈት የአማርኛው ጽሑፍ የተዘበራረቀ ምልክት ሆኖ እንዳይታይ የፊደሉ አጻጻፍ ሥርዓት በፋይሉ መጀመሪያ መገለጽ አለበት። የአፋርኛ ጽሑፍ በላቲን ፊደል የሚጻፍ በመሆኑ፣ በክልሉ የሚዘጋጅ ሰነድ ሁለቱንም ፊደላት በአንድ ገጽ ላይ በትክክል ማሳየት ይኖርበታል።

አምስተኛው ማረጋገጫ ነው። እያንዳንዱ ሰነድ መለያ ቁጥር፣ የወጣበት ቀንና ወደ ተቋሙ መዝገብ የሚመራ ኪው አር ኮድ ቢኖረው ተቀባዩ ሐሰተኛውን መለየት ይችላል። ስማርት ስልክ ለሌላቸው ደግሞ በስልክ ጥሪ ወይም በአጭር መልእክት የሚያጣሩበት መንገድ ሊመቻች ይገባል።

ሕጉ ምን ይላል?

የኤሌክትሮኒክ ግብይት ዐዋጅ ቁጥር 1205/2012 የኤሌክትሮኒክ መልእክት በኤሌክትሮኒክ መልክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንዳያጣ ይደነግጋል። ከዚያ ቀደም ብሎ የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 1072/2010 ደግሞ ለኤሌክትሮኒክ ፊርማ ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። በመሆኑም ከሥርዓት የወጣ ደረሰኝ ወይም ፈቃድ ማኅተም በእጅ ስላልተመታበት ብቻ ዋጋ የለውም ሊባል አይገባም። የሰነዱ ተቀባይነት የሚመዘነው ከየት እንደወጣና ከወጣ በኋላ ያልተለወጠ ስለመሆኑ በሚቀርበው ማረጋገጫ ነው።

ስለዚህ ተገልጋዩ የግብይት ቁጥሩን ማስቀመጥ ይጠቅመዋል። ምስሉ ቢጠፋ እንኳን በቁጥሩ መዝገቡን ማስፈለግ ይቻላል። ትልቅ ክፍያ ሲፈጸም፣ ለምሳሌ ግመል ሲሸጥ ወይም የእርሻ ግብዓት ሲገዛ፣ ቁጥሩን፣ ቀኑንና የገንዘቡን መጠን በደብተር መጻፍ አይከፋም። ክርክር ቢነሳ ባንኩም ሆነ ፖሊስ በቅድሚያ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው።

የተታለለ ሰው ሳይዘገይ ለአገልግሎት ሰጪው ማመልከት አለበት። ለቴሌብር 127 ላይ፣ ለባንክ ደግሞ በቅርብ በሚገኝ ቅርንጫፍ ወይም በደንበኞች ጥሪ ማዕከል ማሳወቅ ይቻላል። ቀጥሎም የተላከውን ሐሰተኛ ምስልና መልእክት ሳያጠፋ ለፖሊስ ማቅረብ ይኖርበታል። ገንዘቡ ወደ ሌላ ሒሳብ ከተሸጋገረ ወይም በጥሬ ከወጣ በኋላ ማስመለስ እየከበደ ስለሚሄድ፣ ማመልከቻው በዚያው ዕለት ቢደርስ ይመረጣል።